ሁሉም አረንጓዴ ነው

(ዱከም፣ ደልዳላ ፍራሽ ፋብሪካ፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ፤ የፋብሪካውን ዕቃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የመሩት ጋሽ ዘውገ የፍራሽ ክምር ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል፤ ከአዲስ አበባው ዋና ቢሮ የመጣችው የለውጥ ፕሮግራም ኃላፊ ሰብለወንጌል ወረቀትና እስክሪብቶ ዘርግታላቸው ቆማለች።)

ሰብለወንጌል፦ አንዲት ፊርማ ናት እኮ ጋሽ ዘውገ! አንዲት!

ጋሽ ዘውገ፦ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ልጄ።

ሰብለወንጌል፦ እሺ፣ ቀነስኩ። አንዲት ፊርማ ናት።

ጋሽ ዘውገ፦ ሚስቴንም ያገባኋት በአንዲት ፊርማ ነው። ይኸው በሠላሳ ስድስት ዓመቱም ምን ላይ እንደፈረምኩ አልገባኝም።

ሰብለወንጌል፦ ይኼኛው ግልጽ ነው፤ ላንብብልዎት። «የዕቃ ቤት ክፍል ሰኞ ለሚጀመረው የለውጥ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ዝግጁ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። አለቀ።

ጋሽ ዘውገ፦ ዝግጁ ካልሆነስ? የሚፈረምበት የታለ?

ሰብለወንጌል፦ እሱ... ቅጹ ላይ የለም።

ጋሽ ዘውገ፦ አየሽ! ለእምቢታ ቦታ የሌለው ወረቀት፣ ወረቀት ሳይሆን ወጥመድ ነው።

ሰብለወንጌል፦ ስምንት ፕሮጀክት አለን፤ የስምንቱም ኃላፊዎች ፈርመዋል። ሽያጭ ፈርሟል፣ ምርት ፈርሟል፣ ጥበቃ እንኳ ፈርሟል! የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ለአቶ መንክር ካላሳወቅኩ፣ ሰኞ የለም ማለት ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ሰኞማ አለ። እኔ ብፈርምም ባልፈርምም ከእሑድ ቀጥሎ ይመጣል።

ሰብለወንጌል፦ ጋሽ ዘውገ፣ ቀልዱን ተዉት። የፕሮግራሙን ሰሌዳ አይተውታል? ስምንቱም ፕሮጀክት አረንጓዴ ነው። ቢጫ የለ፣ ቀይ የለ። ሁሉም አረንጓዴ!

ጋሽ ዘውገ፦ ቃሪያም አረንጓዴ ነው።

ሰብለወንጌል፦ ምን ማለት ነው?

ጋሽ ዘውገ፦ ቅመሺው ማለት ነው። እስቲ መጀመሪያ በእኔ ቋንቋ ንገሪኝ፤ ሰኞ ምንድን ነው የሚሆነው?

ሰብለወንጌል፦ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አቶ መንክር የኮምፒውተሯን ቁልፍ ይጫናሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእርስዎ አሮጌ መዝገብ ይዘጋል። ዕቃው ወደ አዲሱ መጋዘን ይገባል። ትዕዛዝ በኮምፒውተር ይመጣል። መኪኖቹ በአዲሱ ስምሪት ይወጣሉ። ሠራተኛው አዲስ ዩኒፎርም ይለብሳል።

ጋሽ ዘውገ፦ ይኼ ሁሉ ባንድ ጠዋት?

ሰብለወንጌል፦ ባንድ ጠዋት።

ጋሽ ዘውገ፦ ሙሽራ እንኳ ባንድ ጠዋት ይኼን ያህል አትለወጥም። እሷም ሚዜ አላት።

ሰብለወንጌል፦ ለዚህ እኮ ነው ፕሮግራም የሚባለው! ስምንት ፕሮጀክት ለየብቻው ቢሮጥ እርስ በርሱ ይጋጫል። ፕሮግራሙ ያገናኛቸዋል፤ ቅደም ተከተል ያስይዛቸዋል። የእኔ ሥራ እሱ ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ታዲያ አገናኘሻቸው?

ሰብለወንጌል፦ በየሳምንቱ ሪፖርት ይልኩልኛል።

ጋሽ ዘውገ፦ እሱ ካንቺ ጋር መገናኘት ነው። እርስ በርሳቸውን ነው የጠየቅኩሽ።

ሰብለወንጌል፦ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላቸው።

ጋሽ ዘውገ፦ እዚያ ምን ይባባላሉ?

ሰብለወንጌል፦ ያው... «እንኳን አደረሳችሁ።»

ጋሽ ዘውገ፦ ከበዓል ውጪስ?

ሰብለወንጌል፦ አንዳንዴ የአበባ ሥዕል ይልካሉ። ጋሽ ዘውገ፣ ወደ ፊርማው እንመለስ!

ጋሽ ዘውገ፦ ድምፅሽን። እንመለሳለን፤ መጀመሪያ ስለ ንጉሡ ነግረውሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ።

ሰብለወንጌል፦ የምን ንጉሥ?

ጋሽ ዘውገ፦ አዲሱ ባለ ስፕሪንግ ፍራሽ ነዋ! «ንጉሥ» ብላችሁ ስም ያወጣችሁለት። ወርዱም ቁመቱም ሁለት ሜትር ከሃያ። ያምራል፤ አልዋሽም፣ ተኝቼበታለሁ። ኢንጂነር ገመቹም አዲሱን መጋዘን ጨርሷል። እሱም ያምራል። በሩ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?

ሰብለወንጌል፦ ሪፖርቱ ላይ «በደረጃው መሠረት» ይላል።

ጋሽ ዘውገ፦ ወርዱ ሜትር ከሃያ፣ ቁመቱ ሁለት። ለድሮዎቹ ፍራሾች ለክቶ ነው የሠራው፤ አዲስ ፍራሽ መኖሩን ማን ነግሮት! ማክሰኞ ዕለት ንጉሡን እናስገባ ብለው አራት ወዛደሮች መጡ። በቁም ሞከሩ፣ እምቢ። አግድም ሞከሩ፣ እምቢ። በመጨረሻ አጠፉትና በገመድ ጠፍረው ይገፉ ጀመር። ሻምበል ጓንጉል፣ ዘበኛችን፣ እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ቆሞ ትእዛዝ ይሰጣል፤ «ግፋ! በርታ! አይዞህ!» ግማሹ ገባ። ከዚያ ገመዱ ተበጠሰ።

ሰብለወንጌል፦ ወይኔ!

ጋሽ ዘውገ፦ ፍራሹ እንደ ወስፈንጥር ተዘረጋና ሻምበልን አንሥቶ ከአሸዋው ክምር ላይ ጣለው። ሮጠን ብንሄድ ዐይኑን ገልጦ «ማነው የመታኝ?» አለን። «ንጉሡ» አልነው። «ረዥም ዕድሜ ይስጣቸው» ብሎ ተመልሶ ተጋደመ።

ሰብለወንጌል፦ ተጎዳ?

ጋሽ ዘውገ፦ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ከዚያን ቀን ወዲህ በፍራሹ አጠገብ ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጣል።

ሰብለወንጌል፦ በፍራሹ አጠገብ ሲያልፍ? የት ነው ያለው ፍራሹ?

ጋሽ ዘውገ፦ በሩ ላይ ነዋ። እንደተወተፈ ነው። ሦስት ቀኑ። ኢንጂነሩ በመስኮት ነው የሚገባው።

ሰብለወንጌል፦ ሊሆን አይችልም። ሪፖርቱን ልይ... ይኸው! ትናንት ነው የላከው። «አዲሱን ፍራሽ ወደ መጋዘን የማስገባት ሥራ ሃምሳ በመቶ ተጠናቋል።»

ጋሽ ዘውገ፦ እውነቱን ነው። ግማሹ ገብቷል።

ሰብለወንጌል፦ ጋሽ ዘውገ!

ጋሽ ዘውገ፦ ምን ላድርግ? ልጁ አልዋሸም። አንቺ ስንት በመቶ ብለሽ ጠየቅሽ፤ እሱ ስንት በመቶ ብሎ መለሰ። ቦሌ ተቀምጠሽ ሰሌዳ ከምታዪ መጥተሽ በሩን ብታዪ ኖሮ... ግን አንቺ ወደ ዱከም የምትመጪው በወር አንዴ፣ እሱም ፎቶ ለመነሣት።

ሰብለወንጌል፦ እሺ። አንድ በር ነው፤ ይሰፋል። ሌላው ግን ደህና ነው። ሲስተሙ ተሞክሯል፤ የሲስተሙ ኃላፊ ናሆም ራሱ ነግሮኛል።

ጋሽ ዘውገ፦ ናሆም የዋህ ልጅ ነው። የአዳማውን ሙሽራስ ነገረሽ?

ሰብለወንጌል፦ ስለ ሙሽራ የሰማሁት የለም። «የሙከራ ሽያጭ ከተጠበቀው በላይ ሆኗል» ነው ያለኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ ከተጠበቀውማ በላይ ሆኗል! አዳማ ላይ አንድ ሙሽራ ለጫጉላው አንድ ፍራሽ አዘዘ። ሜትር ከሃምሳ። ናሆም ያንን ሲስተም ላይ ሲጽፈው ምን ብሎ ይጽፈዋል? መቶ ሃምሳ። ሲስተሙ ደግሞ ስፋት ይሁን ብዛት ምን ያውቃል፣ ወግ አልተማረ! በሁለት አይሱዙ መቶ ሃምሳ ፍራሽ ተጭኖ የልጁ ደጅ ላይ ተራገፈ።

ሰብለወንጌል፦ አይ ጉዴ!

ጋሽ ዘውገ፦ የልጅቷ ሽማግሌዎች በዚያው ሰዓት እዚያው ነበሩ። ፍራሹ ሲወርድ ሲወርድ አላልቅ ሲላቸው አንደኛው ተነሥተው «ለመሆኑ ይኼ ልጅ ስንት ሚስት ነው የሚያገባው?» አሉ። ሠርጉ ሊፈርስ ነበር። እኔ ነኝ አዳማ ሄጄ ሽማግሌ የለመንኩት።

ሰብለወንጌል፦ እርስዎ? በምን ፈቃድ?

ጋሽ ዘውገ፦ በዓመት ዕረፍቴ።

ሰብለወንጌል፦ ፍራሾቹስ?

ጋሽ ዘውገ፦ አብዛኛው ተመለሰ። ሙሽራው ግን አሥራ ሁለቱን አስቀርቶ ፔንሲዮን ሊከፍት አስቧል ይባላል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ሰብለወንጌል፦ ልቀመጥ?

ጋሽ ዘውገ፦ ተቀመጪ እንጂ፤ እዚህ ቤት የጠፋው ወንበር ነው እንጂ መቀመጫ አይደለም። እዚያ ላይ አይደለም፣ እሱ ስፕሪንግ ነው። እዚህ፣ ስፖንጁ ላይ።

ሰብለወንጌል፦ ስምሪቱ ግን ደህና ነው አይደል? አቶ ሸምሱ ጠንካራ ሰው ናቸው። ሾፌሮቹን ሁሉ አሠልጥነዋል።

ጋሽ ዘውገ፦ አሠልጥኗል። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም መኪና በኋላው በር ይገባል ብሎ አንድ ወር ሙሉ አስተምሯቸዋል። ቀስት ሥሎላቸዋል። ፈተና ፈትኗቸዋል።

ሰብለወንጌል፦ እሰይ!

ጋሽ ዘውገ፦ ገመቹ ደግሞ የኋላውን በር በብሎኬት ደፈነው።

ሰብለወንጌል፦ ለምን?!

ጋሽ ዘውገ፦ ድምፅሽን! ለመጋዘኑ ግድግዳ ነዋ። ፕላኑ ላይ አለ። እሱም በጊዜ ሰሌዳው፣ ሸምሱም በጊዜ ሰሌዳው። እንዲያውም ገመቹ ሁለት ቀን ቀድሟል። ትናንት አንድ ሾፌር መጥቶ፣ በተማረው መሠረት፣ ግድግዳው ፊት ቆሞ ክላክስ ሲያደርግ ዋለ። ቢቸግረን «ግድግዳ ነው፣ አይከፈትም» ብንለው፣ «ፈተናው ላይ ክፈት የሚለውን መልሼ ነው ያለፍኩት» አለን።

ሰብለወንጌል፦ ሁለቱም አረንጓዴ... ሁለቱም...

ጋሽ ዘውገ፦ ለየብቻቸው አረንጓዴ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚቃጠሉት። ዩኒፎርሙን ልተውልሽ ወይስ ልንገርሽ?

ሰብለወንጌል፦ ዩኒፎርም ምን ሊሆን ይችላል? ጨርቅ ነው እኮ።

ጋሽ ዘውገ፦ አዲሱ መፈክራችን ምን ይላል?

ሰብለወንጌል፦ «ደልደል ብለው ይተኙ።»

ጋሽ ዘውገ፦ እትዬ ጽጌ መፈክሩ በሁሉም ዩኒፎርም ጀርባ ላይ በትልቁ ይታተም ተብላ ታዘዘች፤ አሳተመች። በጥበቃዎቹም ላይ። እንግዲህ ሻምበል ጓንጉል መሣሪያውን አንግቶ ጀርባውን ወደ አጥሩ ሲያዞር፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሌባ የሚያነበው ይኼንን ነው። ሌባን ዘበኛ ሲመርቀው ዓለም ላይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሰብለወንጌል፦ አይሣቁ፣ ጋሽ ዘውገ። አያስቅም።

ጋሽ ዘውገ፦ አንቺ ነሽ የምትሥቂው።

ሰብለወንጌል፦ እኔ እያለቀስኩ ነው! ሳለቅስ እንዲህ ነው የምመስለው። ለአቶ መንክር ሦስት ጊዜ «ሁሉም አረንጓዴ ነው» ብያቸዋለሁ። ቦርዱ ፊት። በሦስተኛው ጊዜ አጨበጨቡልኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ ያጨበጨበ እጅ የሚያርፍበትን አያጣም፤ አንዳንዴ ጆሮ ግንድ ላይ ነው።

ሰብለወንጌል፦ ግን እርስዎ ይኼን ሁሉ ከየት አወቁት? እኔ በየሳምንቱ አርባ ገጽ ሪፖርት አነባለሁ፤ አንዱም ይኼን አይልም። እርስዎ ስብሰባ እንኳ ተጠርተው አያውቁም።

ጋሽ ዘውገ፦ እኔ ጋ ስብሰባው በየቀኑ ነው።

ሰብለወንጌል፦ የት?

ጋሽ ዘውገ፦ እዚሁ። ለምን ይመስልሻል ድምፅሽን ቀንሺ ስልሽ የዋልኩት?

ሰብለወንጌል፦ ሰው አለ እንዴ?

ጋሽ ዘውገ፦ ቀስ ብለሽ ከዚያኛው ክምር ጀርባ እዪ። በጫማሽ አትሂጂ።

ሰብለወንጌል፦ ...ጋሽ ዘውገ።

ጋሽ ዘውገ፦ አቤት።

ሰብለወንጌል፦ ናሆም ነው።

ጋሽ ዘውገ፦ ነው።

ሰብለወንጌል፦ ኢንጂነር ገመቹ ነው። አቶ ሸምሱ! እትዬ ጽጌ ራሳቸውን በነጠላ ተሸፍነው! አራቱም ተኝተዋል!

ጋሽ ዘውገ፦ ከምሳ በኋላ ትንሽ ዐረፍ ይላሉ። ፍራሽ ፋብሪካ እኮ ነው፣ ልጄ፤ ወተት ቤት ተቀጥሮ ያልቀመሰ የለም። ሰው ደግሞ ጋደም ሲል ሆዱ ይከፈታል። ላንቺ አረንጓዴውን ልከው እዚህ መጥተው ቀዩን ይተነፍሱታል። ገመቹ «በሩ ጠበበብኝ» ይለኛል፣ ሸምሱ «በሩ ጠፋብኝ» ይለኛል። ናሆም ግን ነቅቶ ብዙም አይናገርም፤ በእንቅልፉ ነው። ትናንት «መቶ ሃምሳ... መቶ ሃምሳ...» ሲል ላብ አጥምቆት ነበር።

ሰብለወንጌል፦ ጎን ለጎን ተኝተው እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም?

ጋሽ ዘውገ፦ ተራ በተራ ነው የሚተኙት፣ ከዓርብ በቀር።

ሰብለወንጌል፦ ለምን አልነገሩኝም? እሺ እነሱ ፈርተው ነው። እርስዎ ግን ማንንም አይፈሩም። አንድ ስልክ ቢደውሉልኝ ምን ነበረበት?

ጋሽ ዘውገ፦ እኔማ ምን አገባኝ! የሌለ ሰው ስልክ አይደውልም።

ሰብለወንጌል፦ የሌለ ሰው?

ጋሽ ዘውገ፦ አዲሱን መዋቅር በር ላይ ለጥፋችሁ የለ? መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት። አቅርቦት አለ። ስርጭት አለ። «የለውጥ ሐሳብ አመንጪ» የሚባል አለ፤ ምን እንደሚያመነጭ እንጃ። ዘውገ ግን የለም። ዕቃ ቤትም የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት፤ አንድ ሳጥን አጣሁ።

ሰብለወንጌል፦ እሱማ... አታሚው ወረቀቱን ከታች ቆርጦት ይሆናል።

ጋሽ ዘውገ፦ ልጄ።

ሰብለወንጌል፦ እሺ። አልቆረጠውም። ረሳሁዎት።

ጋሽ ዘውገ፦ እንዲህ በይኝ። ይኼ ይሻላል።

ሰብለወንጌል፦ ሆን ብዬ አይደለም። «ዕቃ ቤት» የሚለውን «የክምችት አስተዳደር» ብዬ ቀየርኩት፤ ከዚያ ከአቅርቦት ጋር አዋሐድኩት፤ ሲዋሐድ ሲዋሐድ እርስዎ መሐል ላይ ቀሩ። ማንም ሲያማርር ደግሞ ስላልሰማሁ፣ ደህና ነው አልኩ። ይቅርታ፣ ጋሽ ዘውገ።

ጋሽ ዘውገ፦ እኔ ስለራሴ ብቻ አይደለም የተቀየምኩት። በወሩ መጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው አራት ሺህ ፍራሽ ማስረከብ አለብን አይደል? ልጆቹ ከየአገሩ አውቶቡስ ተሳፍረው ሲመጡ በሩ ጠቦ፣ መኪናው ግድግዳ ሲጠራ፣ ሲስተሙ ሜትር ሲቆጥር ምን ላይ ሊተኙ ነው? የእኔ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ፍራሹ አልደረሰም ብለው ሁለት ሳምንት ሲሚንቶ ላይ ጋቢ አንጥፋ ነው የተኛችው። አባቷ የፍራሽ ዕቃ ቤት ኃላፊ! ደውላ «አባዬ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ የምገባበትን አጣሁ። የሰው ልጅ ሲሚንቶ ላይ እንዲተኛ ደግሞ አልፈርምም።

ሰብለወንጌል፦ ...መጀመሪያ ምንድን ነው መደረግ ያለበት?

ጋሽ ዘውገ፦ እኔን ነው የምትጠይቂው?

ሰብለወንጌል፦ እርስዎን ነው። ይኸው፣ በቅጹ ጀርባ ልጻፈው። ከየት እንጀምር?

ጋሽ ዘውገ፦ ከበሩ ነዋ! በሩ ሳይሰፋ ምን ይገባል? ንጉሡን አውጡ፣ በሩን አፍርሱ። የኋላው ግድግዳም ይከፈት፤ ገመቹ ግድግዳውን ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ቢያስገባው ለሸምሱም ለራሱም ይበቃል። አንድ ቀን ቁጭ አድርገሽ ብታነጋግሪያቸው ያልቃል።

ሰብለወንጌል፦ ከዚያ?

ጋሽ ዘውገ፦ ከዚያ ፍራሹ ይደርደር። ከዚያ ስም ይውጣለት፤ ስፋቱ በፊደል፣ ብዛቱ በቁጥር። ናሆም ይኼን ነግሬው ሲስመኝ ነበር፤ «ግን ፕሮጀክቴ ተዘግቷል» ብሎኝ አለቀሰ። ሲስተሙ ከዚያ በኋላ ነው። ሥልጠናው የመጨረሻ። አሁን እኮ ሥልጠናው ሲስተሙን ይጠብቃል፣ ሲስተሙ ቁጥሩን፣ ቁጥሩ መደርደሪያውን፤ መደርደሪያው ደግሞ የሠለጠነ ሰው ካልመጣ አልገጠምም ብሎ ቆሟል። ይዞራል። ውሻ ጅራቱን ሲያባርር አይተሻል?

ሰብለወንጌል፦ ዩኒፎርሙስ?

ጋሽ ዘውገ፦ ጥበቃዎቹ ገልብጠው ይልበሱት።

ሰብለወንጌል፦ ጋሽ ዘውገ፣ ይኼን ካርታ ስምንት ወር ነው የፈለግኩት። መዋቅሩ ላይ አንድ ሳጥን ባዶ ነው፤ «የፕሮጀክቶች አስተሳሳሪ» ይላል። ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ አወጣን፣ የሚሆን ሰው ጠፋ። እርስዎ እዚያ ሳጥን ውስጥ ይግቡልኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ ሳጥን ውስጥ የሚገባ የሞተ ሰው ነው።

ሰብለወንጌል፦ አሁን ሳጥን አጣሁ ብለው ተቀይመው አልነበር?

ጋሽ ዘውገ፦ መቀየም ሌላ፣ መግባት ሌላ። ዕድሜዬንም እዪው እንጂ። ለውጥ ለወጣት ነው። እኔ ኮምፒውተሯን ሳያት ራሱ ዐይኔ ያብጣል። ደግሞ እኔ መቸኮል አልወድም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሰብለወንጌል፦ ስንት ሰዓት ነው?

ጋሽ ዘውገ፦ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። የት ትሄጃለሽ?

ሰብለወንጌል፦ የትም። እደውላለሁ።

ጋሽ ዘውገ፦ ለማን? ለአቶ መንክር? ቆይ፣ ምን ልትያቸው ነው? ኮንትራትሽስ?

ሰብለወንጌል፦ ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ አቶ መንክር። ሰብለወንጌል ነኝ፤ ዱከም ነኝ... አይ፣ ፎቶ ለመነሣት አይደለም። ሰኞ አይሆንም፣ አቶ መንክር።... አዎ፣ አረንጓዴ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሳላይ ነው ያልኩት።... ማንም አይደለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እነሱን አይቆጡብኝ፤ እኔ ነኝ እርስ በርስ ያላገናኘኋቸው።... አዎ። ሁሉን ባንዴ ሳይሆን በየተራ ነው የምንጀምረው፤ ከበሩ ጀምረን።... ሦስት ሳምንት ያስፈልገኛል። አራት ሺውም በቀኑ ይደርሳል።... በሕይወቴ ነው የምልዎት።... ሦስት ሳምንት ይሰጡኛል? እውነት? እግዚአብሔር ይስጥልኝ!... ማን? አዎ፣ ካርታውን የሠሩት የዕቃ ቤት ኃላፊው ናቸው። አቶ ዘውገ።... አዎ፣ አጠገቤ ናቸው።

ጋሽ ዘውገ፦ የለሁም በይ!

ሰብለወንጌል፦ ሊያነጋግሩዎት ይፈልጋሉ። ይያዙ።

ጋሽ ዘውገ፦ ምን ልበላቸው? ኮፍያዬስ የት ሄደ? ...ሄሎ! አቤት፣ አቶ መንክር! ዘውገ ነኝ።... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።... አዎ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።... አዎ፣ እኔ ነኝ ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት።... እኔ? ብችልማ... ኧረ እችላለሁ እንጂ፣ ምን ማለትዎ ነው!... ሦስት ሳምንት? የምን ሦስት ሳምንት? ለአንድ በርና ለአንድ ግድግዳ! አቶ መንክር፣ ዘውገ ካለበት ዘጠኝ ቀን ይበቃል።... በዘጠኝ ቀን! ቃሌ ነው።... አሜን፣ አሜን። ደህና ይዋሉ።

ሰብለወንጌል፦ ጋሽ ዘውገ፣ ምን አደረጉ?

ጋሽ ዘውገ፦ ምን አደረግኩ?

ሰብለወንጌል፦ ሦስት ሳምንት ለምኜ አግኝቼ ነበር እኮ! በዐይኔ እያየሁ ዘጠኝ ቀን አደረጉት!

ጋሽ ዘውገ፦ «ይችላሉ ወይ?» አሉኝ እኮ! ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ይኼን ጠይቆኝ አያውቅም። ታዲያ ምን ልበላቸው?

ሰብለወንጌል፦ «አልችልም» ነዋ! ከቅድም ጀምሮ እኔን ሲሉኝ የቆዩትን!

ጋሽ ዘውገ፦ አንቺ ፊርማ ነው የጠየቅሽኝ፤ እሳቸው እኔን ጠየቁ። በይ ተነሺ፣ ልጄ፤ ዘጠኝ ቀን ነው ያለን፣ ሁለቱ ደግሞ እሑድ ናቸው።